ልቤ ስል ሆዴን

ላስታ ውስጥ አንድ ሰው «ልቤን አመመኝ» ሲላችሁ አፉን ብቻ አትስሙ፤ እጁን ተመልከቱ። እጁ ብዙ ጊዜ ግራ ደረቱ ላይ አይደለም። የደረት አጥንት አልቆ ሆድ የሚጀምርበት ጎድጓዳ ላይ ነው። እናቴ ቃር ሲይዛት «ልቤን አቃጠለኝ» ትላለች። ስትራብ ደግሞ «ልቤን ሞረሞረኝ» ነው የምትለው። ሐኪም ጋ ሄዳ እንዲህ ብትል የኛ አገር ሐኪም ሆዷን ይነካካል እንጂ ደረቷን አያዳምጥም።

እኔም ይህን ቋንቋ ከጡቷ ጋር ጠብቼ ነው ያደግሁት። ሆኖም ቃሉን ሰው አገር ወስጄ ስተረጉመው አንድ ዓመት ያህል የልብ ሕመምተኛ ሆኜ ኖርኩ። ትምህርቴንና ከትምህርቴ ባልተናነሰ የወደድኩትን የበረዶ ላይ ሩጫ ላጣም ጥቂት ነበር የቀረኝ። ዛሬ ሥራዬ ዜና መጻፍ ነው። የሰው ቃል ስሰማ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ደግሞ የመጠየቅ ልማዴ ለብዙ ባልደረቦቼ የትምህርት ቤት ውጤት ይመስላቸዋል። ከዚያ ሕመም ያገኘሁት ነው።

በደርግ ዘመን መንግሥት ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ጋዜጠኝነት እንድማር የተመደብኩት ሰሜን ውስጥ ባለች፣ ሐይቅና የጥድ ደን በከበባት ከተማ ነው። እዚያ ክረምት ሲገባ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሜዳ ላይ ኳስ መምታት አይደለም። ሁሉም ተማሪ፣ ከየትም ይምጣ፣ ስኪ ያስራል። ስኪ ሲባል ብዙ ሰው ከተራራ ቁልቁል የሚወረወርበትን ያስባል። የኛው ሌላ ነው። ቀጫጭንና ረጃጅም ሳንቃ እግር ላይ ታስሮ፣ በሁለት እጅ ዘንግ ተይዞ፣ ደኑን እየሰነጠቁ ሜዳውንም ዳገቱንም የሚሮጡበት ነው።

አሰልጣኙ ጌናዲ ፔትሮቪች የአንድ ጆሮውን ጫፍ ውርጭ የበላው፣ ድምፁ ከደን ማዶ የሚሰማ ጎልማሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በተራ አቁሞ ከየት እንደመጣን ጠየቀን።

«ከላስታ» አልኩ።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በነሱ ቋንቋ «ላስታ» ማለት የባሕር እንስሳ የሚቀዝፍበት መዳፍ፣ ዋናተኞችም እግራቸው ላይ የሚያጠልቁት ሰፊ ጎማ ነው። ጌናዲ ፔትሮቪች እግሬ ላይ የታሰረውን ሳንቃ አየና «አገሩም እግሩም አንድ ነው!» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የጠራኝ የለም።

ወደቅሁ፤ ሁሉም ይወድቃል። በኋላ ግን አንድ ነገር አገዘኝ። አጎቴ ቄስ ምስጋናው ላሊበላ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ ያገለግላሉ። ልጅ ሳለሁ ዜማ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ድምፄ ባይሆንም መቋሚያ አያያዙን ተምሬላቸው ነበር። አሰልጣኙ «ዘንጉን ወደፊት ጣል፤ ክብደትህን አሳርፍበት፤ ጠብቅ፤ አሁን ግፋ» ሲለኝ ክንዴ ያውቀዋል። ለገና በዓል ከካህናቱ ኋላ ቆሜ የተወዛወዝኩት ውዝዋዜ ነው። ዳገት ላይ የሚያልፈኝ አልነበረም፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የማያልፈኝ አልነበረም። ክረምቱ ሲያልቅ ጌናዲ ፔትሮቪች ትከሻዬን መታ አድርጎ «በሚመጣው ወቅት ለዩኒቨርሲቲው ትወዳደራለህ» አለኝ።

የውድድሩ ወቅት የሚከፈተው አመዳዩ ደኑን እንደሸፈነ ባንድ ሩጫ ነው። ከተማው በሙሉ ይወጣል። በኛ አገር በረዶ የገብስ ጠላት ነው፤ ሰው ይጸልይበታል እንጂ አይጠብቀውም። እኔ ግን ያን በጋ ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ጠበቅሁት።

ሕመሙ የጀመረኝ በረዶው ሳይወርድ፣ በመጸው ልምምድ ላይ ነው። ቡድኑ ዘንግ ይዞ ዳገት ይዘላል። አንድ ቀን እኔ ዳገቱ ግማሽ ላይ ቆምኩ። ከኔ ጋር አንድ ክፍል የሚያድረው ሊዮሻ ከላይ ሆኖ «ላስታ ዳገት ላይ ቆመ! ጋዜጣ ላይ ይውጣ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅሁ፤ ትንፋሼ ግን አልተመለሰም። በሳምንቱም ቆምኩ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምላሴ ቆሰለ፣ ምግብ አስጠላኝ። ከሁሉ የባሰው ያ ጎድጓዳ ነው፤ ይቆረጥመኛል፣ ደግሞ ባዶ ይሆንብኛል።

የተማሪዎች ክሊኒክ ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሰናፍጭ የተቀባ ወረቀት ጀርባዬ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ሰናፍጭ የማውቀው በጾም ወጥ አጠገብ ነበር፤ ጀርባ ላይ አላውቀውም። ላበኝ እንጂ አልተሻለኝም። ሁለተኛው የአገር ናፍቆት ነው አለኝ፤ ደብዳቤ እንድጽፍ መከረኝ። ሦስተኛዋ ዶክተር ራይሳ ነበረች።

ዶክተር ራይሳ አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በሽተኛዋን ሳታቋርጥ ትሰማለች። እጇ ይቀዘቅዛል፤ ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ ታሻሸዋለች።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ልቤን» አልኳት፤ በቋንቋዋ፣ ጥርት ባለው ቃል።

ፊቷ ተለወጠ። አስተኝታ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚስለውን መሣሪያ አሰረችብኝ። ከተራራ አገር የመጣና ሲሮጥ የከረመ ሰው ልቡ ዝግ ብሎ ይመታል፤ ያ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን «ልቤን ያመኛል» ከሚል ሰው ጋር ሲገጣጠም ያስፈራል። ደሜም አነስ ብሎ ተገኘ፤ እሱን ሥጋ የማልበላበት ጾም ያመጣው ነው ተባለ። ከሌሎች ጥያቄዎች መሃል «ሆድህ ውስጥ ትል ኖሮብህ ያውቃል?» ብላኝ ነበር። «የለም» አልኳት። የመለስኩት በቅንነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ።

የወቅቱ መክፈቻ ሩጫ ሲካሄድ የልብ ሕሙማን ክፍል ተኝቼ ነበር። ከመስኮቱ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሩጫው አይታይም። አጠገቤ ያሉት ሁሉ አረጋውያን ነበሩ። ሌሊት አንዱ ሲያቃስት የራሴን ምት እቆጥራለሁ፤ ስቆጥረው ደግሞ የሚያቆም ይመስለኛል። ሰው ልቡን ከተጠራጠረ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ቀን ቀን ግን ሰው አልጎደለብኝም። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ያሉ አሮጊቶች ከሻርፓቸው ስር ፖም እያወጡ ይሰጡኝ ነበር። ያለ እናት መጥቶ ታመመ ብለው ነው፤ ከየት እንደመጣሁ እንኳ አይጠይቁም።

ጌናዲ ፔትሮቪች በየእሑዱ ይመጣል። አንድ እሑድ ጃኬቱ ሰም ሰም ሸተተኝ። ስኪ በደንብ እንዲንሸራተት ሰም ይቀባል።

«የማንን ስትቀባ ነበር?» አልኩት።

«ያንተን።»

«እኔ እኮ ከሩጫ ታግጃለሁ።»

«አንተ ታመምክ፤ ስኪህ ግን አልታመመም» አለኝ።

ክረምቱን በሙሉ፣ ማንም የማይሮጥበትን ስኪ እንደዚያው ሲቀባ ከረመ።

ፀደይ ሲመጣ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ወሰኑ። በጋውን አገሬ ሄጄ እንዳርፍና በመጸው እንደገና እንድመረመር ነው። ያኔም ልቤ እንዲሁ ከሆነ የአገሩ ብርድ አይስማማኝም ማለት ነው። ትምህርቱን ትቼ ለዘለቄታው እመለሳለሁ። የስኪው ነገርማ ጭራሽ አይነሳም። ዶክተር ራይሳ ስትሸኘኝ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

«ተራራ እንዳትወጣ። ቤታችሁ ሜዳ ላይ ነው አይደል?»

«ትንሽ ዳገት አለው» አልኳት። የእናቴ ቤት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ ነው።

እዚያ በጋ ሲሆን እኛ ጋ ክረምት ነው። መኪናው ከጋሸና አላለፈም፤ ጭቃ ውጦታል። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ያየው ጥበቃ «ጓድ፣ ውጭ አገር የላኩህ ልትማር ነው ልትነጣ?» አለኝ። ቀሪውን መንገድ በበቅሎ ሄጄ ላሊበላ አጎቴ ቤት አረፍኩ። እናቴ ከላይ ወርዳ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ልጄን ልኬ ጥላውን መለሱልኝ» አለች።

ከዚያ ምን ሳደርግ እንደታመምኩ ጠየቀች። ስኪን ማስረዳት ያዝኩ።

«በሁለት ሳንቃ ላይ ቆሜ እሮጣለሁ።»

«ሳንቃው ነው የሚሮጠው አንተ?»

«ሁለታችንም። በእጄ ደግሞ ዘንግ እይዛለሁ፤ እንደ መቋሚያ፣ ሁለት።»

አጎቴ «ሁለት መቋሚያ!» አሉ። «ዳዊት አንድ በገና በቃው። ይህን ያህል ደግፈውህም ወደቅህ?»

እናቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘችው። «እዚያ አገር ኮሶ ትጠጣለህ?»

«ኮሶ ከየት ይመጣል እናቴ?»

«ሁለት ዓመት ኮሶ ያልጠጣ ሰው እንዴት አይታመም!» ብላ እጇን በእጇ መታች።

እዚህ ላይ ለከተማ ልጆች ማስረዳት አለብኝ። ኮሶ በኛ ዘንድ የትሉም የመድኃኒቱም ስም ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ስለሆነ ሰዉ በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍ አበባ አስፈጭቶ ይጠጣ ነበር። የጠጣ ቀን ቤቱ ይውላል፤ የመጣ እንግዳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሳይቀየም ይመለሳል። ማንም ግን «ታሟል» አይልም። እንደ ፀጉር መቆረጥ ያለ ነገር ነው። ለዚህ ነው ዶክተር ራይሳ «ትል» ስትለኝ «የለም» ያልኳት። ትል በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ነው። ኮሶ ትል ነው ብሎ ያስተማረኝ፣ በሽታ ነው ብሎ የነገረኝም አልነበረም።

አጎቴ ነገሩ በጠበል ይጀመር አሉ። በበቅሎ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወረድን። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ከድንጋዩ ገንዳ ቀድተው አጠጡኝ፤ ደረቴንም ቀቡኝ። ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ ቋጥኝ ስር ተጠለልን። «በማለዳ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አሉኝ ድንገት።

«ጠበሉስ አባ?»

«ጠበሉ ተጠጣ። ሐኪሙም ይጠየቅ። እግዚአብሔር ባንድ በር ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። በቃሬዛ የመጡ አሉ፤ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ። አንድ ጥርሳቸው ያበጠ ገበሬ ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ተቀምጠዋል። አይተውኝ ተነሡ።

«ይህ ልጅ ይቅደም፤ ነጥቷል።»

«ፈረንጅ አገር ከርሞ ነው» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ ሲነጣ ነዋ የመለሱት! ግባ ልጄ፣ ሙሉ በሙሉ ፈረንጅ ሳትሆን።» ሰልፉ ሳቀ፤ ያን የመሰለ ጥርስ ይዘው ያሳቁት ሰውዬ ራሳቸው ግን መሳቅ አልቻሉም። አንድም ሰው «ተራዬ» አላለም።

ነርሷ ሲስተር ዓለምነሽ የወሎ ልጅ ነበረች። «ምንህን?» አለችኝ።

«ልቤን።»

ማዳመጫዋን አላነሳችም። «ስትበላ ይብሳል ሳትበላ?»

«ሲስተር፣ ልብ ነው እኮ ያልኩዎት።»

«ሰማሁ። የቱ ጋ ነው? በጣትህ አሳየኝ።»

ጣቴ እኔን ሳያማክር ሄደ። ከደረት አጥንቴ በታች ያለው ጎድጓዳ ላይ ቆመ። እሷም ጣቴን አየች፣ እኔም አየሁት። አጎቴ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

«አየሽ ሲስተር፣ እዚህ ሳለ ልቡ ከፍ ያለ ነበር፤ ሜዳ አገር ሄዶ ወረደበት!»

እኔ አልሳቅሁም። የዶክተር ራይሳ ፊት ነበር የታየኝ። ከሷ ጋር በተነጋገርንበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን በጣቴ አላሳየኋትም፤ ቃሉን በትክክል አውቄዋለሁና ምን ያስፈልጋል? ቃሉ ትክክል ነበር። ቦታው ነው የተለየው።

ሰገራዬ ተመረመረ። «ኮሶ አለብህ» አለች ሲስተር።

«ጥሬ ሥጋ ከበላሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

«ሌላ ጥሬ ነገርስ?»

«ከዓሣ በቀር ምንም።»

አጎቴ ቀና አሉ። «ዓሣ? መቼ?»

«በነቢያት ጾም፤ በዐቢይ ጾምም። ሥጋ እንዳልበላ ብዬ ነው አባ።»

«ዓሣ የጾም ነው ያለህ ማነው?»

«አዲስ አበባ የሚበሉ አሉ።»

«አዲስ አበባ! እዚያማ የማይበላ ምን አለ!»

«አባ፣ ለጾሙ ኋላ ይቆጡታል፤ አሁን ኮሶውን እናውጣ» አለች ሲስተር። «ዓሣ ደግሞ ኮሶ የለውም።» እንዲህ ያለችው ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ የላስታ ወንዝ ዓሣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ አልነበረም።

እናቴ ኮሶውን አስፈጭታ ይዛ መጥታ ነበር። ሲስተር ከለከለቻት።

«አያት ቅድመ አያቱ የጠጡትን?»

«እናቴ፣ እነሱ ብርቱ ሆነው ነው የጠጡት። ይህ ልጅ ደሙ አልቋል። ኮሶ ከበዛ ዓይን ያጠፋል፤ የደከመውን ሰው ይገድላል።»

እናቴ የተሰጠኝን እንክብል በመዳፏ ላይ አገላብጣ አየች። «ይህች ናት ኮሶን የምታስወጣ? እስቲ እናያለን።» ቤት ስንደርስ የተፈጨውን አበባ ተመለከተችና «ከተፈጨ አይቀርማ» ብላ በጥብጣ ራሷ ጠጣችው። ያን ቀን ሁለታችንም ኮሶ ጠጪ ሆነን አንድ ቤት ዋልን። አጎቴ ደጅ ቁጭ ብለው «ዛሬ እንግዳ የለም!» እያሉ ሰው መለሱ።

የወጣውን ነገር ርዝመት አልጽፍም፤ አንባቢ ምሳውን በሰላም ይብላ። ቁርጠቱ ተወኝ። የገብስ ገንፎ ጣመኝ። ከመሄዴ በፊት ቀስ እያልኩ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተቀመጥኩ እናቴ ቤት ድረስ ወጣሁ። ልቤ አልቆመም። ነገር ግን ትንፋሼ ሙሉ አልነበረም፤ እግሬን ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል ይነዝረኛል። ድኛለሁ ብዬ እንዳልመለስ እውነት አይደለም። ቁርጤን የማውቀው ሐኪሞቹ ፊት ስቆም ነው።

በመጸው ተመልሼ ሦስት ሐኪሞች ፊት ቆምኩ፤ መሃል ዶክተር ራይሳ። ከመመርመራቸው በፊት አንድ ነገር ልናገር አልኩ። ጣቴን ጎድጓዳው ላይ አደረግሁ።

«በኛ አገር ልብ እዚህ ነው» አልኳቸው።

ዶክተር ራይሳ ጣቴን አየች። «ቀጥል» አለችኝ። የጤና ጣቢያውን ነገርኳት። የትሉንና የኮሶን ልዩነት ነገርኳት። ከሥጋ እንዳልመጣብኝ፣ ጥሬ የበላሁት ዓሣ ብቻ እንደሆነ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«የምን ዓሣ?»

«የሐይቁ። ሊዮሻ በጨው አሽቶ ሳያበስል የሚበላው። እንቁላሉንም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ወደ ባልደረቦቿ ዞረች። የነገረቻቸውን በኋላ ለኔም እንዲገባኝ አድርጋ ደገመችው። የነሱ ሐይቅ ዓሣ የራሱ ኮሶ አለው። ያ ትል ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሰውነት ደም የሚሠራበትን አንድ ቫይታሚን ቀድሞ ይበላል። ደም ያንሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምላስ ይቆስላል፣ እግር ይነዝራል። ትሉ ቢወጣም የበላው ካልተተካ ድካሙ አይለቅም። ልቤ የደከመው በሽታ ኖሮበት አይደለም፤ ቀጭን ደም እየገፋ ነው።

«ከላስታ ይዘኸው አልመጣህም» አለችኝ። «እኛ ነን የሰጠንህ።» ከዚያ ለባልደረቦቿ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «የት እንደሚያመው አሳየኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስህተቱ የኔ ነው፤ ልጁን ልቀቁት» አለች።

«ትርጉሙ የኔ ነው» አልኳት።

«ትርጉም የሐኪም ሥራ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ባለሙያ ፊት ተቀምጬ ጠይቄያለሁ። ባልደረቦቹ ፊት፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ ሳይጠየቅ «ስህተቱ የኔ ነው» ያለ ሰው ስፈልግ የማስታውሰው ዶክተር ራይሳን ነው።

የዚያ ቫይታሚን መርፌ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀይ ነበር። በተወጋሁ ሰሞን የምላሴ ቁስል ደረቀ፤ ሳምንታት ሲያልፉ የእግሬ ንዝረት ጠፋ፤ ዳገቱም ተመለሰልኝ። ሊዮሻም ተመርምሮ ያው ተገኘበት። መድኃኒቱን ውጦ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ፣ ካስተማርኩት ጥቂት አማርኛ መርጦ «ላስታ፣ ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ ዛሬ እንግዳ የለም!» አለኝ።

ይህን የጻፍኩት ሐኪም ፊት ለሚቀርብ ሁሉ ነው። የሕመምህን ስም ከመናገርህ በፊት ቦታውን በጣትህ አሳይ። በቤትህ በሽታ ያልተባለውንም ተናገር፤ ለሐኪሙ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ከሆነ በደንብ ይብሰል። ኮሶንም፣ የአያቶቻችን ነው ብሎ የደከመ ሰው በራሱ እጅ አይጠጣው። ስለ ዓሣና ስለ ጾም አጎቴን ጠይቁ፤ እኔ አልገባበትም።

የወቅቱ መክፈቻ ቀን አመዳዩ ጉልበት ድረስ ነበር። ጌናዲ ፔትሮቪች ስኪዬን ይዞ መጣ፤ አንድ ክረምት ሙሉ የተቀባ ሳንቃ እንደ መስታወት ያበራል። ስንተኛ ወጣህ ለሚሉኝ፣ መሃል ላይ ነው የገባሁት፤ ዳገቱ ላይ ያለፍኳቸው ቁልቁለቱ ላይ መልሰው አለፉኝ። ለእኔ የሚታየኝ ግን መነሻው ነው። መስመሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ዶክተር ራይሳ ቦርሳዋን ይዛ ሰዉን እየገፋች መጣች።

«እንዴት ነህ?»

«ልቤ…» አልኩ፤ ቃሉ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወዲያው ግን ቀዝቃዛ እጇን አሻሽታ አነሳች። «የላይኛው ነው የታችኛው?»

ዘንጎቹን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ጣቴ አሳየኋት። ግራ ደረቴ ላይ ነበር፤ ጃኬቱን እየደለቀው ነበር።

«የላይኛው» አልኳት።

«እሱ የሩጫው ነው። ሂድ።»

ሁለቱን መቋሚያዎቼን ተከልኩ፤ ክብደቴን አሳረፍኩ፤ ጠበቅሁ፤ ገፋሁ።